ችግኝ የነቀልንበት ዓመት

ልጆቹ ናቸው ይንገሩን ያሉኝ። በማኅበራችን የዓመት ስብሰባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከኋላ ወንበር ተነሥተው መጡና ከበቡኝ። «እማማ፣ የማኅበራችን የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ችግኝ መንቀል ነበር ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ አንዷ። ከጎኗ ያለው ልጅ፣ «እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለ። ቀልድ አይደለም፣ እኔም ከነቃዮቹ አንዷ ነኝ አልኳቸው። እንግዲያው ይጻፉልን አሉኝና ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተው ሰጡኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እነሱ ጮክ ብለው ሲያነቡ በዓይኔ እየተከተልኩ ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። እግሬም እንደዚያው ነው።

ተፈጥሮን የሚጠብቀው ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። አስተማሪዎችና የደን ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል እየተሰበሰቡ፣ ጫካ ሲመነጠር አቤት እያሉ፣ ለተማሪ ስለ ወፍና ስለ አውሬ እያስተማሩ፣ ቀስ በቀስ በየአገሩ ቅርንጫፍ እንዳወጡ ሲወራ እሰማለሁ። ያንን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማውቀው ወደ እኛ፣ ወደ ጅጅጋ፣ የመጣበትን መንገድ ብቻ ነው።

የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተማችን ክፉ ቀን አይታለች፤ እሱን አሁን አላነሣውም። ብቻ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አብሮ የሚሠራው አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። ሱማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ጎረቤቱን ሰላም ለማለት ምክንያት የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ አንድ ሰው፣ በኋላ ሊቀመንበራችን የሆኑት፣ የአዲስ አበባውን ማኅበር ቅርንጫፍ እዚህ እናቁም ብለው ሰው ይጠሩ ጀመር። ስብሰባው ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለ መጋዘን ነበር። ጣቃ ላይ ተቀምጠን ነው የተሰበሰብነው። እኔ የሄድኩት ለባለ ሱቁ ክር ላስረክብ ነበር፤ ሳላውቀው አባል ሆኜ ወጣሁ።

ሥራዬ መዞር ነው። መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ የቀሚስ ዳንቴል በከረጢት ይዤ በጅጅጋና በቶጎጫሌ መካከል እመላለሳለሁ። አንዳንዴም ድሬዳዋ ወርጄ በባቡር እስከ ደወሌ እዘልቃለሁ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ያወርደኛል፣ ከዚያ በእግሬ ወደየመንደሩ እገባለሁ። ልጆቼ ተይ አሁን አርጅተሻል፣ ቁጭ በይ ይሉኛል። ቁጭ ስል ነው የሚያመኝ።

ማኅበሩ በቆመበት በ2011 መጨረሻ ክረምት አገር ሁሉ ችግኝ ይተክል ነበር። ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ሌላ ወሬ አልነበረውም። የእኛም ማኅበር መትከል አለበት ተባለ። ችግኝ ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያ አገኘን፤ መሬት ግን ጠፋ። ከተማው ውስጥ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው፣ ከከተማ ውጭ ያለው ሁሉ ታርሷል። ስብሰባው ላይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ እኔ አፌን ከፈትኩ። «እኔ አንድ ባዶ ቦታ አውቃለሁ» አልኩ።

እውነቴን ነበር። ወደ ቶጎጫሌ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ወይም ተግጦ ሲያልቅ አንድ ሜዳ ብቻ ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሞ ይታያል። የአንዲት ሱማሌ ሴት ክልክል ነው። የእሷ ቤተሰብ ዝናብ ለሚጠፋበት ጊዜ ከብት ሳያስገባ የሚያቆየው ሣር ማለት ነው። ሴትዮዋ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ዳንቴል ትወዳለች፤ ለሴት ልጇ ሠርግ የለበሰችውን ያስዋብኩላት እኔ ነኝ። የእሷ አማርኛ ትንሽ ነው፣ የእኔም ሱማልኛ የገበያ ነው፤ ግን ሁለታችንም አባዮ፣ እህቴ፣ እየተባባልን ስንት ዓመት ተግባብተናል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በዚያች ሴት ደጃፍ ወተት ተቀብሎ፣ ጠጥቶ፣ ከዚያ የለመነ እንግዳ እምቢ አይባልም። ያንን አውቃለሁ። እዚያ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም የሚያፍር ሰው ከባድ ልመና ካለው ወተቱን ሳይነካ ነው የሚናገረው፣ ሴትዮዋ እንዳትጨነቅ። እኔ ግን የግመሉን ወተት ግጥም አድርጌ ጠጣሁና፣ ከንፈሬን ጠርጌ፣ «አባዮ፣ ያንን ባዶ ሜዳሽን ለዛፍ ስጪን» አልኳት። ሆን ብዬ አልነበረም። ደስ ብሎኝ፣ ቸኩዬ ነው።

ሜዳውን አየች፣ እኔን አየች። የያዝኩትን ባዶ ጣሳ ደግሞ አየች። ከዚያ፣ «እንግዳዬ ነሽ፤ ውሰጂ» አለች። በሶስት ቃል አለቀ። ተመስገን እያልኩ ወደ ሚኒባስ ሮጥኩ።

የተከልንበት ቀን እንደ ሠርግ ነበር። ኒሙን ሴቶቹ፣ ሸውሸዌውን ወንዶቹ ወሰዱ። የውሃ ቦቴ መጣ፣ ፎቶ አንሺ መጣ፣ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ ተተከለ። ሊቀመንበራችን አንድ ሙሉ ረድፍ ሸውሸዌ በገዛ እጃቸው ተከሉ፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። በዚያ ዓመት ባለቤታቸው አርፈውባቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ችግኝ ነፋስ እንዳይጥለው ደጋፊ እንጨት አቆሙለት፤ ሲጨርሱ ያንን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሄደው መለሱት። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከሰዓት እየተጠራራን ውሃ እናጠጣ ነበር። በሁለት ዓመት አንዳንዱ ወገብ ደረሰ። በየከተማው የተተከለው ሲደርቅ የእኛ መያዙን ስናይ ኩራታችን ሌላ ነበር።

በ2013 ግንቦት ላይ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ነገር ላላ ሲል፣ ከአዲስ አበባው ማኅበር አንድ የወፍ ባለሙያ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው፣ አንገቱ ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ያንጠለጠለ። ሊቀመንበራችን ዛፎቻችንን ሊያሳዩት ጓጉተው ነበር፤ እሱ ግን፣ «ያልታረሰና ያልተጋጠ ሣር የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ጎህ ሲቀድ ሁለታችን ደረስን። ሣሩ በጤዛ ርሷል። «እማማ፣ በሆድዎ መተኛት ይችላሉ?» አለኝ። እኔማ እተኛለሁ፤ የሚያነሣኝ አንተ ነህ አልኩት። ተኛን። ጤዛው ቀሚሴን አልፎ ደረቴ ላይ ሲደርስ ይህ ሰው አእምሮው ጤና ነው ወይ እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ከሣሩ ውስጥ ተነሣ።

ትንሽ ናት። የደረቀ ሣር መልክ አላት፣ ቡናማ፣ ጀርባዋ እንደ ቅርፊት የተነባበረ። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጣች፣ የአንድ ትልቅ ዛፍ ቁመት ያህል፣ ከዚያ እዚያው አየር ላይ ቆመች። ክንፏ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ግን አትሄድም። ዘፈነች። አጭር ነው ዜማው፤ ትጨርሰውና እንደገና ከመጀመሪያው ታነሣዋለች። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ከምድር ያለነው እኛ ጨለም ብሎብን ሳለ እሷ ከፍ ስላለች ብርሃን ቀድሞ ደርሷት ሆዷ ወርቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ክንፏን አጥፋ እንደ ድንጋይ ወረደችና ጠፋች። ሰውዬው መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አላነሣም፤ ጉንጩ ላይ ግን እንባ ይወርዳል።

«የትም አትገኝም እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። «ከዚህ ሜዳና ወደ ደቡብ ካለ ከአንድ ሌላ ሜዳ በቀር፣ በዓለም ላይ፣ የትም።»

እኔ አልገባኝም። «አዲስ አበባም የለችም?»

«የለችም።»

«አረብ አገርስ?»

«የትም የለችም እማማ። እዚህ ነው ያለችው። እርስዎ የተኙበት ላይ።»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ስንት ጊዜ በዚያ ሣር መካከል ተቀምጬ ጫማዬን አራግፌያለሁ፣ ዳቦዬን በልቻለሁ። ባዶ ነው ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ከሰማይና ከምድር ሁሉ መርጦ አንድ ነገር ያስቀመጠበትን ቦታ እኔ በስብሰባ ላይ ቆሜ ባዶ ነው አልኩ።

ስትበርም አየናት፣ ስትሮጥም አየናት። ብዙ አትበርም፤ እንደ አይጥ አንገቷን ቀና አድርጋ በሣሩ ሥር ነው የምትሮጠው። ሰውዬው ተከትሎ ጎጆዋን አገኘ። ከሣር ጉቶ ሥር፣ መሬት ላይ፣ እንደ ትንሽ ስኒ የተሠራ፣ ሣሩ ከላይ ጎንበስ ብሎ የሸፈነው ነው። ውስጡ ገና ዓይን ያልገለጡ ጫጩቶች አሉ። ከዚያ ቀና አለና ዙሪያውን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፎቻችንን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«እነዚህን ማን ተከላቸው?»

«እኛ ነና» አልኩት፣ አሁንም በኩራት።

ቀስ ብሎ፣ እንዳያስከፋኝ እየተጠነቀቀ አስረዳኝ። ይህች ወፍ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ፍጥረት ናት። ዛፍ ካለ ቁራ የሚያርፍበት ያገኛል፣ ጭልፊትም ያርፋል። ከላይ ሆነው ሣሩን ይመለከታሉ፣ ጎጆዋን ያያሉ፣ ጫጩቶቹን ለቅመው ይሄዳሉ። ከዛፉ ጥላ ሥር ደግሞ ሣሩ ይመነምናል። «እነዚህ ጫጩቶች እግር አውጥተው ለመሮጥ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው» አለ። «ዛፎቹ ከቆሙ ግን የዘንድሮዎቹ ቢያመልጡ የከርሞዎቹ አያመልጡም።»

ከሰዓት በኋላ ያ መጋዘን ውስጥ የሆነውን ጭቅጭቅ ልጽፈው አልችልም። ዛፍ እንጠብቃለን ብለን የተሰበሰብን ሰዎች ዛፍ ንቀሉ ተባልን። «የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ችግኝ ነቀለ ቢባል ሰው ምን ይለናል?» አለ ባለ ሱቁ። «ለአንዲት ድንቢጥ?» አለች ሌላዋ። «ድንቢጥ አይደለችም» አልኩ። «ታዲያ ስሟ ማነው?» አለችኝ፤ ስሟን አላውቀውም ነበር። ሳቁብኝ። ሊቀመንበራችን ግን አልሳቁም። «እትዬ» አሉኝ፣ «ዕድሜ ልኬን ገበሬ ዛፍ እንዳይነቅል ስለምን ነው የኖርኩት። አሁን በገዛ እጄ ንቀል ነው የምትይኝ?»

ባለሙያው ግን፣ «ጋሼ፣ ምንም አድርጉ አልልም። ነገ ጠዋት አብረውን ይምጡና ይስሟት ብቻ» አላቸው።

በማግስቱ ሊቀመንበራችን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። እንደዚያው እንዳሉ በሆዳቸው ተኙ። ወፏ ወጣች፣ አየር ላይ ቆመች፣ ዘፈነች። ስትወርድ እንደገና ትነሣለች ብለው ሲጠብቁ፣ ከራሳቸው ረድፍ፣ ለሸውሸዌው ካቆሙት ደጋፊ እንጨት ላይ፣ አንድ ቁራ ዘሎ ወረደና ወደ ጎጆው በኩል ይረማመድ ጀመር። የቁራ አካሄድ ታውቁታላችሁ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ንብረቱን እንደሚጎበኝ ሰው ነው። ሊቀመንበራችን ከጭቃው ተነሥተው እየጮሁ ሮጡ፤ ባርኔጣቸውን ወረወሩበት። ቁራው ሄደና ሌላ እንጨት ላይ ዐረፈ። ከዚያም ከዚያም አባረሩት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል እንጂ አይሄድም፣ ማረፊያው ሞልቶለታላ። በመጨረሻ ደክሟቸው ቆሙ። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «እኔ ነኝ ወንበር ያቀረብኩለት» አሉ።

ከመንቀላችን በፊት ግን አንድ ነገር ቀረ። መሬቱ የእኛ አይደለም። ከባለቤቷ ተለምኖ የተገኘ ነው፤ የለመነችው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሄድኩ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ወተት አቀረበች። አልተቀበልኩም። «አባዮ፣ መጀመሪያ ላናግርሽ» አልኳት። እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ያኔ ከባድ ነገር እንደያዝኩ ገባት። «የሰጠሽኝን ልመልስልሽ መጥቻለሁ» አልኳት። «ዛፉን እንወስዳለን። ሜዳሽ እንደ ነበረ ይሁን። በደልኩሽ።»

አየችኝና ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። «አሁን መጣሽ?» አለችኝ።

«ሜዳውን ስትሰጪኝ እንደከበደሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰጠ ሰው መልሺ አይልም» አለች። «የወሰደ ነው የሚመልሰው። ቀልቤ እስክትመጪ ሲጠብቅሽ ነበር።» ከዚያ ጣሳውን አንሥታ፣ «አሁን ጠጪ» አለችኝ። ያንን ወተት ያህል የጣፈጠኝ የለም። የኀፍረት እንባዬም ጨው ገብቶበት ይሆናል።

የነቀልንበት ቀን ዝናብ አካፋ፤ ለመንቀል የተመቸ ነበር። እያንዳንዱን ከነአፈሩ ቆፍረን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለልነው። መጀመሪያ ከጎጆው አጠገብ ያሉትን፣ በጣም ቀስ ብለን፣ ሳንነጋገር። ከቶጎጫሌ ሩዝና ዘይት የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ፍጥነት ይቀንሱ ነበር። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሬዲዮ የላችሁም እንዴ? ትከሉ ነው የተባለው» አለን። ረዳቱ ደግሞ፣ «ገልብጠው ሰምተው ነው» ብሎ ጨመረበት። ሳቃቸው እስከ ታች ድረስ ተሰማ። ወዲያው ከቀበሌ አንድ ሰው በሞተር ደረሰ። «ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። ሊቀመንበራችን ጭቃ በጭቃ ሆነው ቀና አሉ። «ስንተክል ማን ፈቅዶልን ነበር? ልጄ፣ ና ይህንን ጆንያ ያዝልኝ» አሉት። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ያዘላቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ያዘላቸው።

የራሳቸውን ረድፍ ማንም አልነካባቸውም። ለመጨረሻ ትተውት ነበርና አንድ በአንድ ነቀሉት። ደጋፊ እንጨቶቹንም ሰብስበው በገመድ አሰሯቸው። ዛፎቹ ወደ መስጊዱ ግቢ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ኒሙ ያዘ። ሸውሸዌው ግን አልያዘም፣ አንዱም። ይህን ስነግራቸው፣ «ይሁን» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም።

ጫጩቶቹ ከጎጆ የወጡ ዕለት አምስታችን ነበርን፤ አምስታችንም በሆዳችን። እናቲቱ ሣሩ ዳር ቆማ ተጣራች። አንዷ ወጣች፣ ክንፍ አልነበራትም ማለት ይቻላል፣ እግር ብቻ ነበረች። ሮጠች። ከሣር ወደ ሣር፣ ቆም እያለች፣ እንደገና። ሌላዋ ተከተለች። ያቺ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ነገር በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ማየት... ሊቀመንበራችን እጄን ይዘውኝ ነበር፤ መያዛቸውን ያወቅሁት ሲለቁኝ ነው። ባለ ሱቁ፣ ስለ ሰው ወሬ የተጨነቀው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። እስካሁን ብዙ ተአምር ሲነገር ሰምቻለሁ፤ በሆዴ ተኝቼ ያየሁት ግን ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ሲተክል የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ቦታው ባዶ ነው ሲባል፣ «ባዶ ነው ያለው ማነው? ጠዋት ሄዶ ተኝቶበታል?» ይባላል። የአዲስ አበባዎቹም ይህንን ወስደው ለሌሎቹ ቅርንጫፎች ያስተምሩበታል አሉ። ሣር ብቻ ያለበት ሜዳም ጥበቃ እንደሚያስፈልገው በየስብሰባው ሲነሣ፣ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ይላል። ያ ነው እንግዲህ የማኅበራችን አጀማመር፤ ትልቅ ታሪክ ካላችሁት።

ሴትዮዋ በ2015 አረፈች፤ ነፍሷን ይማር። በዓመቱ ልጇን፣ ያቺን ለሠርጓ የእናቷን ቀሚስ በዳንቴል ያስዋብኩትን፣ ጅጅጋ ገበያ የግመል ወተት ስትሸጥ አገኘኋት። ስለ እናቷ ስናወራ እንዲህ ብላ ነገረችኝ። ዛፎቻችን በቆሙባቸው በእነዚያ ሁለት የበልግ ዝናቦች፣ ወፏ መዝፈን ከጀመረችበት ቀን ጀምሮ ጫጩቶቹ እስኪሮጡ ድረስ እናቷ የንጋት ሶላቷን በችግኞቻችን መካከል ትሰግድ ነበር። ከእኛ ቀድማ አላህን የምትጠራ ናት ትል ነበር ወፏን። ከዚያ ፀሐይ እስክትከር ወንጭፍ ይዛ ቁራ ስታባርር ትቆያለች። እኛ የምንመጣው እሁድ ከሰዓት ስለነበር አንዳችንም አላየናትም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ግን እኔንና ያንን ባለ መነጽር ሰው ሣሩ ላይ በሆዳችን ተኝተን ከሩቅ አየችን፤ ወንጭፏን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ለልጇም፣ «ሰሟት፤ ከእንግዲህ የእነሱ ተራ ነው» አለቻት።